የረሃብንና የጥጋብን ምልክት አዳምጦ መመገብ እና ጤናማ ክብደት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደሩ ሲሆን፣ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውነትን አዳምጦ መመገብና በአስተውሎት መመገብ አንድ ናቸው?

ተቀራራቢ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። በአስተውሎት መመገብ የሚመለከተው አበላላችንን ነው፤ ሰው የሚበላውን እያየ፣ እያሸተተና እያጣጣመ፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሲሄድበት ወደ ምግቡ እየመለሰ፣ በሚሰማው ነገርም በራሱ ላይ ሳይፈርድ የሚመገብበት ልማድ ነው። በሕክምናው ዓለም ቦታ እንዲያገኝ ትልቅ ድርሻ ያበረከተው ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጀመሩት፣ በአስተውሎት ላይ የተመሠረተ የውጥረት ማቃለያ ሥልጠና ነው።

ሰውነትን አዳምጦ መመገብ ከዚህ ሰፋ ያለ ነው። ኢቭሊን ትሪቦሊና ኤሊስ ሬሽ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በ1995 በ10 መርሆዎች ያቀረቡት ሲሆን፣ መቼ፣ ምን እና ምን ያህል እንብላ ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከዳይት ሠንጠረዥ ይልቅ ከራስ ሰውነት መፈለግን ያስተምራል። የመርሆዎቹ ቅደም ተከተል ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የመጀመሪያው የዳይት አስተሳሰብን መተው ሲሆን፣ ስለ ገንቢ ምግብ የሚናገረው ግን የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ መጀመሪያው ሳይደርስ ይደክመዋል።

ረሃብና ጥጋብ በሰውነት ውስጥ እንዴት ይሠራሉ?

ረሃብ የፈቃድ ጉዳይ አይደለም። ጨጓራ ባዶ እየሆነ ሲሄድ ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ የጃፓን ተመራማሪዎች በ1999 ያገኙት ይህ ሆርሞን የምግብ ሰዓት ሲቃረብ ከፍ ይላል፣ ከተበላ በኋላ ደግሞ ይወርዳል። በሌላ በኩል ከስብ ሕዋሳት የሚመነጨውና በ1994 የታወቀው ሌፕቲን ለአንጎል የሚናገረው ስለ ዛሬው ምሳ ሳይሆን በሰውነት ውስጥ ስለተቀመጠው ስንቅ ነው። ስንቁ ሲቀንስ ሌፕቲንም ይቀንሳል፣ አንጎልም የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል። ክብደት የቀነሰ ሰው ከበፊቱ ይልቅ የሚርበው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

ጥጋብ ደግሞ በሁለት መንገድ ይመጣል። ፈጣኑ የጨጓራ መወጠር ነው፤ ይህን ቬገስ የተባለው ነርቭ ወዲያው ለአንጎል ያደርሰዋል። ዘገምተኛው ምግቡ ወደ ትንሹ አንጀት ሲዘልቅ የሚለቀቁት ሆርሞኖች መልእክት ሲሆን፣ እርሱ እስኪሰማ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ 20 ደቂቃ ያህል ሊወስድ ይችላል። ምሳውን በ7 ደቂቃ ለሚጨርስ ሰው «በቃህ» የሚለው መልእክት የሚደርሰው ሳህኑ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

እንቅልፍም በዚህ ሥራ ውስጥ እጁ አለበት። በ2004 በወጣ አንድ ጥናት 12 ጤናማ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ፣ አሥር ሰዓት ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ወርዶ ግሬሊናቸው በ28 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። ስለዚህ የሰውነቱን ምልክት መስማት ያቃተው ሰው ስለ ምግቡ ከመጠየቁ በፊት ስለ ሌሊቱ ቢጠየቅ ተገቢ ነው።

የራበኝ መሆኑንና ያማረኝ መሆኑን እንዴት ልለይ?

ረሃብ በአብዛኛው ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሆድ ይጮኻል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሐሳብ ይበተናል፣ ሰውም በትንሽ በትልቁ መነጫነጭ ይጀምራል። የራበው ሰው የተገኘውን ይበላል። አምሮት ግን ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ነው፤ አንድን የተለየ ምግብ ይፈልጋል፣ ዳቦና እንቁላል ቢቀርብለት ፊቱን ያዞራል። «አሁን ተራ ምግብ ቢሰጠኝ እበላለሁ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ቀላሉ መለያ ነው።

ባለሙያዎች ከ1 እስከ 10 ያለውን የረሃብና የጥጋብ መለኪያም ያስተምራሉ። 1 ጠኔ የሚጥል ረሃብ፣ 10 መተንፈስ የሚከለክል ጥጋብ ሲሆን፣ 3 ወይም 4 ላይ መጀመር፣ 6 ወይም 7 ላይ ማቆም ለብዙ ሰው ይስማማል። 1 እስኪደርስ የጠበቀ ሰው በአስተውሎት ይበላል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ እጁ ከአእምሮው ይቀድማል። ይሁን እንጂ መለኪያው ስሜትን ለመሰየም የሚረዳ መሣሪያ እንጂ አዲስ ሕግ አይደለም፤ 5 ላይ ሆነው ከወዳጅ ጋር ቁራሽ ኬክ መብላት ምንም አያጠፋም። አምሮትም ቢሆን መታወቅ ይገባዋል እንጂ እንደ ጥፋት መቆጠር የለበትም።

በአስተውሎት መመገብ በተግባር ምን ይመስላል? እያንዳንዱን ጉርሻ ሠላሳ ጊዜ ማኘክ አለብኝ?

ማኘክን መቁጠር ሌላ ዓይነት ሥራ ነው፤ ቁጥሩን የሚያሳድድ ሰው ምግቡን አያጣጥምም። የተለመደው መልመጃ የሚጀምረው በአንዲት ዘቢብ ነው። ዘቢቧን መዳፍዎ ላይ ያስቀምጧታል፤ ሽብሽቧን፣ ብርሃን ሲያርፍባት የምታሳየውን ቡናማ ቀለም፣ ከዘለላዋ የተለየችበትን ጠባሳ ይመለከታሉ። ያሸቷታል፣ በዚህ ጊዜ ገና ሳይጎርሷት ምራቅዎ መሙላት ይጀምራል። ከዚያ ምላስዎ ላይ አኑረው ሳያኝኩ ጥቂት ይቆያሉ፤ በመጨረሻ ሲነክሷት ጣዕሟ ከአንድ ወገን ፈንድቶ አፍዎን ሲሞላው ይሰማዎታል። ዘቢብ በእፍኝ ሲቅም የኖረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደነቀው በዚህች ቅጽበት ነው።

በየዕለቱ እንዲህ የሚመገብ ሰው የለም፣ ሊኖርም አይገባም። በተራ ገበታ ላይ የሚበቃው ሦስት ነገር ነው፦ ስልኩን ማራቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጉርሻዎች ልብ ብሎ ማጣጣም፣ እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ማንኪያውን አስቀምጦ «አሁንም ይጣፍጠኛል? ሆዴስ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ። ይህ ጥያቄ መሠረት አለው። ባርባራ ሮልስና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1981 እንዳሳዩት፣ አንድን ምግብ እየበላን በሄድን መጠን የዚያው ምግብ ጣዕም ይቀዘቅዝብናል፤ ሌላ ዓይነት ቢቀርብ ግን ፍላጎታችን እንደገና ይነሣል። ጠግቤያለሁ ያለ ሰው ለጣፋጭ ቦታ የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሳህኔን ሳልጨርስ መነሣት አልችልም፤ ምን ላድርግ?

ሳህን መጨረስ በልጅነት የተማርነው ጨዋነት ስለሆነ በአንድ ቀን አይለቅም። በትንሹ አቅርቦ «ካልበቃኝ እጨምራለሁ» ማለት ይቀላል፤ ጭማሪው በእርግጥ የተፈቀደ መሆኑን ካላመኑ ግን ዘዴው አይሠራም። የተረፈውን ለነገ ማስቀመጥም ምግብ የማባከንን ጸጸት ያስቀራል።

ስለ ሳህን መጠን የሚነገረውን ሁሉ ግን አይመኑ። አነስ ያለ ሳህን መብልን ይቀንሳል የሚለው ምክር ይህን ያህል የተሰራጨው በአመዛኙ ከአንድ የአሜሪካ ቤተ ሙከራ በወጡ ጥናቶች ሲሆን፣ የዚያ ቤተ ሙከራ በርካታ ጽሑፎች በመረጃ አያያዝና በስሌት ጉድለት ምክንያት ተሰርዘዋል፤ በ2018 አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ቤት ስድስቱን በአንድ ጊዜ አንሥቷል።

ምንም ምግብ ካልተከለከለ ቀኑን ሙሉ ጣፋጭ ስበላ አልውልም?

ይህ ስጋት ተገቢ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ለአንዳንድ ሰው ልክ እንደ ፈራው ያልፋሉ። ነገር ግን ክልከላው ራሱ አምሮትን እንደሚያባብስ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የመሩት ሙከራ 36 ጤናማ ወጣት ወንዶችን ለ24 ሳምንታት በግማሽ ረሃብ አቆይቷቸው ነበር። በቀን ይሰጣቸው የነበረው ምግብ 1,600 ካሎሪ ገደማ ነበር፤ ዛሬ በየቦታው ከሚታዘዙት ዳይቶች ብዙዎቹ ከዚህ ያነሰ እንደሚፈቅዱ ልብ ይሏል። ሰዎቹ የክብደታቸውን ሩብ ያህል ሲያጡ ስለ ምግብ ከማሰብና ከማውራት በቀር ሌላ ነገር ጠፋባቸው፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ፣ ሳህናቸውን ይልሱ ነበር። ሙከራው ካበቃ በኋላም አንዳንዶቹ እስኪያማቸው በልተው እንኳ ረሃቡ አልወጣላቸውም።

ትንሽ ክልከላም የራሱ ውጤት አለው። በ1975 የወጣ አንድ ሙከራ ምግባቸውን ዘወትር የሚቆጣጠሩ ሰዎች ወፍራም የወተት መጠጥ ከጠጡ በኋላ አይስክሬም ሲቀርብላቸው፣ ምንም ካልጠጡት ይልቅ አብዝተው እንደበሉ አሳይቷል። ዳይት የማይዙት ግን መጠጡ ስላጠገባቸው የበሉት ያነሰ ነው። «አንዴ ከፈረሰ ይለይለት» የሚለው ሐሳብ ሆርሞን ሊያቆመው ከሚችለው በላይ ያስበላል። ነገ ቸኮላት እንደማይገኝ ያመነ ሰው ዛሬ ይጨርሰዋል፤ ነገም እንደሚኖር በእርግጥ ያመነ ሰው ቁራሹን ወደ መሳቢያው ይመልሳል። ችግሩ ይህ እምነት በአፍ ብቻ የማይመጣና ጊዜ የሚፈልግ መሆኑ ነው።

ክብደት እቀንሳለሁ?

እውነቱን ለመናገር፣ ምናልባት። አንዳንዱ ይቀንሳል፣ ብዙው ባለበት ይረጋል፣ አንዳንዱ ይጨምራል። ሰውነታቸውን አዳምጠው የሚመገቡ ሰዎች በአማካይ ክብደታቸው ዝቅ ያለ እንደሆነ በርካታ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ሆኖም አመጋገባቸው ክብደታቸውን ይወስን፣ ወይስ በክብደቱ ያልተጨነቀ ሰው ሰውነቱን ማዳመጥ ቀልሎት ይሁን እነዚህ ጥናቶች አይለዩም። ሰዎችን አሠልጥነው የተከታተሉ ሙከራዎች በብዛት ያገኙት ከክብደት መቀነስ ይልቅ መርጋትን፣ ከዚህም ጋር ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት መብላት መቀነሱንና ስለ ሰውነት ያለው ጭንቀት መቅለሉን ነው።

በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነገሩን በቅርበት ያሳያል። ዳይት ሲይዙና ሲተዉ የኖሩ 78 ወፍራም ሴቶች በሁለት ተከፍለው ለሁለት ዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። አንደኛው ቡድን የተለመደውን የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም ያዘ፤ ሌላው ረሃብና ጥጋብን ማዳመጥን፣ ሰውነትን መቀበልንና የሚያስደስት እንቅስቃሴን ተማረ። የዳይቱ ቡድን መጀመሪያ ቀነሰ፣ በኋላም መልሶ ጨመረ፤ ከአባላቱም 41 በመቶው ገና በስድስት ወር ውስጥ አቋርጠዋል። የሁለተኛው ቡድን ክብደት ግን አልተነሣም፣ አልወደቀም፤ ኮሌስትሮላቸውና የደም ግፊታቸው ግን ተሻሽሎ ቆየ። ጥናቱ ትንሽ ነውና ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ቢሆንም «ጤናማ» የሚለው ቃል ከሚዛን ቁጥር ሰፋ ያለ መሆኑን ያስታውሳል። ከ18.5 እስከ 24.9 እንደ ጤናማ የሚቆጠረው የክብደትና የቁመት ምጣኔም ጡንቻን ከስብ አይለይም።

የዳይት ክብደት ለምን እንደሚመለስ የሚጠይቅ ሰው በ2011 ከአውስትራሊያ የወጣውን ሥራ ሊያስብ ይችላል። 50 ሰዎች ለ10 ሳምንታት እጅግ አነስተኛ ካሎሪ ያለው ምግብ ከተመገቡ ከአንድ ዓመት በኋላ እንኳ ረሃብን የሚያነሣሡት ሆርሞኖቻቸው ወደ ቀድሞው ልክ አልተመለሱም ነበር። በሌላ በኩል ስኳር ወይም የደም ግፊት ላለበት ወፍራም ሰው ከ5 እስከ 10 በመቶ ክብደት መቀነስ እውነተኛ ጥቅም እንዳለው ሐኪሞች ይስማማሉ። ሐኪም ክብደትዎን እንዲቀንሱ ካዘዘዎት፣ ይህ አካሄድ ብቻውን ያደርሰኛል ብለው ሕክምናውን አይተዉ። ልማዱ ከሕክምናው ጋር ሊሄድ ይችላል፤ ሕክምናውን ግን አይተካም።

ካሎሪ እየቆጠርኩና በየቀኑ እየተመዘንኩ ልለማመደው?

ባያደርጉት ይሻላል። ሁለት ጌታ ይሆንብዎታል፤ ሆድዎ «ራበኝ» ሲል ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር «ሞልቷል» ይላል፣ የሚታመነውም ቁጥሩ ይሆናል። በሕክምና ምክንያት መመዘን ያለበት ሰው ግን ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ይመዘን።

ሲከፋኝ ነው የምበላው፤ ይህስ እንዴት ይታያል?

ሌሊት አራት ሰዓት ነው እንበል። ቀኑ ከብዶ አልፏል፣ እራት ተበልቷል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ሰውየው ማቀዝቀዣውን ከፍቶ በብርሃኑ ፊት ቆሟል። የሚፈልገውን አያውቅም። አንድ ነገር ያነሣል፣ ቆሞ ይበላል፣ በሩን ይዘጋል፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይከፍታል። እዚህ ላይ የጎደለው ምግብ አይደለም፤ ምናልባት ዕረፍት ነው፣ ምናልባትም የሚያነጋግረው ሰው። በሩ ላይ እጁን አሳርፎ «አሁን ምን ተሰማኝ?» ብሎ አንድ ደቂቃ ቢቆይ፣ መልሱ «ደክሞኛል» ከሆነ መተኛት፣ «ብቸኝነት» ከሆነ ስልክ መደወል ይቻላል። መልሱን አውቆም ቢበላ ተቀምጦ፣ በሳህን፣ እያጣጣመ ይብላ።

ምግብ ማጽናኛ መሆኑ በራሱ በሽታ አይደለም። ብቸኛው ማጽናኛ ሲሆን ግን ያሳስባል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ መብላት፣ ማቆም አለመቻልና ከዚያ በኋላ የሚከተል ከባድ እፍረት በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ለሦስት ወራት ከተደጋገመ፣ ይህ ሕክምና ያለው የአመጋገብ ችግር ሊሆን ስለሚችል የባለሙያ ምርመራ ይፈልጋል።

ፋብሪካ ያመረታቸው ምግቦች ሰውነትን ያታልላሉ ይባላል፤ ታዲያ ምልክቱን ማመን ይቻላል?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ጠንካራው ይህ ይመስለኛል፤ የዚህ አካሄድ ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ በፍጥነት ያልፉታል። በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በተደረገ ሙከራ 20 ሰዎች በተቋሙ ውስጥ እየኖሩ ለሁለት ሳምንት በእጅጉ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው፤ ምን ያህል እንደሚበሉ የሚወስኑት ራሳቸው ነበሩ። የቀረቡት ምግቦች በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብና በቃጫ የተመጣጠኑ ቢሆኑም፣ በተቀነባበረው ወቅት በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብዝተው በሉ፣ ክብደታቸውም 0.9 ኪሎ ገደማ ጨመረ። በፍጥነትም ይበሉ ነበር።

ማንም «አብዝታችሁ ብሉ» አላላቸውም፤ የገዛ ምልክታቸውን ተከትለው ነው የበሉት። ስለዚህ ምልክቱ ከሚቀርብለት ምግብ ተነጥሎ የሚሠራ አይደለም። ይህ ግን የተቀነባበረን ምግብ ሁሉ ወደ መከልከል መመለስ አለብን ማለት አይደለም፤ የዘወትሩ ገበታ በሚታኘክና ቃጫ ባለው ምግብ፣ በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ላይ የተመሠረተ ሲሆን የጥጋብ መልእክት ለመድረስ ጊዜ ያገኛል ማለት እንጂ። ሥነ ምግብን የሚመለከተው አሥረኛው መርህ የተቀመጠውም ለዚህ ነው፤ የመጨረሻ ነው ማለት የሚዘለል ነው ማለት አይደለም።

ይህን አካሄድ ብቻውን መጀመር የሌለበት ማን ነው?

ኢንሱሊን ወይም ስኳርን በኃይል የሚያወርዱ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ረሃብ እስኪሰማው ቢጠብቅ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ የምግብ ሰዓቱንና መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ክብደት መጨመርን እየፈሩ ከምግብ በመራቅ ሕመም (አኖሬክሲያ) ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ምልክቱ ራሱ ተዛብቷል፤ ጥቂት ጉርሻ ሊያጠግበው ይችላልና፣ መጀመሪያ በሰዓትና በዕቅድ ተመግቦ ሰውነቱ እስኪያገግም ድረስ «ሆድህን አድምጥ» ማለት ጉዳት ነው።

የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሱትን አዲሶቹን የክብደት መርፌዎች የሚወስዱ ሰዎችም ረሃብ ስላልተሰማቸው ቀኑን ሳይበሉ ሊያሳልፉ ይችላሉ፤ ለእነርሱም የሚያዋጣው ሰዓት ጠብቆ፣ ፕሮቲን አስቀድሞ መመገብ ነው። ከባድ ልምምድ ከሠሩ በኋላ የምግብ ፍላጎታቸው ለጊዜው የሚጠፋ ስፖርተኞችም እንዲሁ።

ለሦስት ወራት ሞክሬ ክብደቴ ጨመረ፤ አልሠራም ማለት ነው?

መጀመሪያ ከምን ተነሥተው እንደጀመሩ ይጠይቁ። ከጥብቅ ዳይት በቀጥታ የመጡ ከሆነ፣ የጨመረው ክብደት በክልከላ የተያዘው ሊሆን ይችላል፤ ዳይቱ በሌላ ምክንያት ቢቋረጥም መመለሱ አይቀርም ነበር። ሁለተኛው የተለመደ ምክንያት ግማሹን ብቻ መያዝ ነው፤ «ሁሉም ተፈቅዷል» የሚለው ደስ ብሎ ይወሰዳል፣ «ስትጠግብ አቁም» የሚለው ግን ይረሳል። ሦስተኛው ከምግብ ውጭ ያለ ነው፦ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች፣ ስቴሮይድ፣ ኢንሱሊን፣ የታይሮይድ ዕጢ መዳከም፣ የእንቅልፍ እጦት። ያለ ግልጽ ምክንያት በፍጥነት የጨመረ ክብደት በሐኪም መታየት አለበት።

ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ለሁለት ሳምንታት ትንሽ ማስታወሻ ይያዙ። ካሎሪ አይጻፍበትም፤ የበሉበት ሰዓት፣ ሲጀምሩ የነበረው የረሃብ ቁጥር፣ ሲያቆሙ የነበረው የጥጋብ ቁጥር፣ ከጎኑም በዚያን ሰዓት የተሰማዎትን የሚገልጽ አንድ ቃል ብቻ ይጻፋል። አብዛኛው ምሳ 2 ላይ ተጀምሮ 9 ላይ ካለቀ፣ ችግሩ የምሳው ይዘት ሳይሆን የዘገየበት ሰዓት ነው፤ ቁርስን ማስተካከል ወይም በመሐል መክሰስ መጨመር በቂ ሊሆን ይችላል። የማታው ዓምድ በ«ደክሞኛል» ከተሞላ ደግሞ መፍትሔው ከገበታው ይልቅ ከመኝታ ሰዓቱ ይጀምራል።